የመቂው መንጠቆ

በጡረታ ስሰናበት የሰጡኝ የምስክር ወረቀት «በንብረት ክፍል ላበረከቱት የረጅም ጊዜ አገልግሎት» ይላል። መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ አስገብተው፣ አጨብጭበው ሰጡኝ። ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ቤቴ ወስጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አስቀመጥኩት። ንብረት ክፍል የሠራሁት የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ያህል መሰላል ላይ ነበርኩ። በአዳማ፣ በመቂ፣ በደራ ወይም በሻሸመኔ አንድ ሆቴል ገብታችሁ ኮርኒሱ ላይ ነጭ፣ ክብ፣ አልፎ አልፎ ቀይ መብራት ብልጭ የሚልበት ነገር አይታችሁ ከሆነ፣ የገጠምኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። የጭስ ጠቋሚ ይባላል። ዲቴክተር የሚሉትም አሉ። እሱን ቀና ብሎ የሚያየው ሰው የለም። እኔን ግን ቀና ብለው የሚያዩኝ ብዙ ነበሩ፤ ሴት መሰላል ላይ ስትወጣ ሥራውን የሚያቆም ወንድ አይጠፋም።

ይህን የምጽፈው ያን ወረቀት ለማረም ነው። ስለ ትዳሬና ስለ ልጆቼ አልጽፍም፤ እሱ የራሴ ነው። ስማቸውን ሳልጠራ የማነሣቸው ሁለት ሰዎች አሉ፤ ካነበቡት ራሳቸውን ያውቃሉ። ደመወዙንም አላነሣም። ትንሽ ነበር፤ ሁላችንም ጋ ትንሽ ነበር።

የተመረቅኩት ከሙያ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ነው። የተቀጠርኩበት ድርጅት አዳማ ውስጥ የሕንፃ ኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ የግል ድርጅት ሲሆን፣ ሳይት ላይ የምወጣ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት መሰላል የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ። ፎርማናችን «መሰላሉን ከያዝኩ ዓይኔ የት እንደሚሄድ እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ኃጢአት ውስጥ አታስገቢኝ» ይላል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። ሱሪ ነበር የምለብሰው። መሰላሉን ከግድግዳው ጋር በሽቦ እያሰርኩ ለብቻዬ እወጣ ነበር። አንድ ቀን ሽቦው ተበጥሶ ወደቅኩና ክርኔ ተሰነጠቀ። ፎርማኑ ያን ጊዜም የሚለው አላጣም፤ እሱን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ከወደቅሁ በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ፣ አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይናገሩ መጥተው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ውጪ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ጋሽ ቱሉ ነበሩ። የደራ ሰው ናቸው። ብዙ ዘመናቸውን በስኳር ፋብሪካ ኤሌክትሪሲያንነት ጨርሰው፣ ከሃምሳ ዓመታቸው በኋላ ነው እኛ ዘንድ የመጡት። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም። ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ግን አንድን ክፍል አንብቦ መረዳት የሚችሉት እሳቸው ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ ጠቋሚዎች በካርቶን ሲመጡልን አብሮ መመሪያ መጽሐፍ ነበረው። እኔ እያነበብኩ እተረጉምላቸዋለሁ፤ ከግድግዳ ይህን ያህል አርቁ፣ በዚህና በዚያ መካከል ይህን ያህል ርቀት ይሁን ይላል። ጋሽ ቱሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «መስኮት ሲከፈትስ ምን ይላል?» አሉ። ምንም አይልም። «ቬንትሌተር ቀኑን ሙሉ ሲዞርስ?» አሉ። ስለ እሱም ያለው አንድ መስመር ብቻ ነበር። መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው ዘጉት። «ሰውዬው ጎበዝ ነው፤ አዳማን ግን አያውቃትም» አሉ።

እሳቸው አንድ ክፍል ሲገቡ መሰላል አያስጠጉም። መጀመሪያ እዚያ ክፍል የሚኖረውን ወይም የሚሠራውን ሰው ያስጠራሉ። የቱን መስኮት ትከፍታለህ? በሩን ትዘጋዋለህ ወይስ በድንጋይ ታስደግፈዋለህ? ሲሞቅህ ምን ታደርጋለህ? ሰውየው የነገራቸውን ሁሉ እንዳለ ያደርጋሉ። መስኮቱ ይከፈታል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ቬንትሌተሩ ይነሣል። ከዚያ ከቦርሳቸው አንዲት የቲማቲም ጣሳ ያወጣሉ። ቁራጭ አቡጀዲ ይለኩሱና ነበልባሉን እፍ ብለው ያጠፉታል፤ የሚጤሰውን ጨርቅ ጣሳው ውስጥ አድርገው እሳት ሊነሣ ይችላል ብለው የጠረጠሩት ቦታ ያስቀምጡታል። ባልዲ ገልብጠው ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። ሩብ ሰዓት ያህል አንድ ቃል አይናገሩም። ጠመኔያቸው ጆሮአቸው ላይ እንደተሰካች ነው። ጭሱ ሄዶ የተከማቸበትን ሲያዩ ብቻ ተነሥተው ኮርኒሱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ።

«ቤቱን እንደሚኖርበት አድርጊው፤ ከዚያ ጭሱን ልቀቂው» ይሉኝ ነበር። ከእሳቸው የተማርኩት ሁሉ እዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ።

እኔ ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ኮርኒሱ በወፋፍራም የኮንክሪት ቢሞች የተከፋፈለ ከሆነ፣ ጭስ በሁለት ቢሞች መካከል እንደ ውሃ በገንዳ ይጠራቀማል፤ ያ እስኪሞላ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበት ጥግ ደግሞ አየሩ የሞተ ነው፤ እዚያ የተሰቀለ ጠቋሚ ክፍሉ ጠቁሮ እንኳ ላይሰማ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ቬንትሌተር ነው። የሚወጣውን ጭስ አናቱን ብሎ ወደ ታች ይመልሰዋል፣ በግድግዳ በግድግዳ ይነዳዋል፣ ክፍት በር ካገኘ በዚያ ያስወጣዋል። ከቬንትሌተሩ አጠገብ ያለው ጠቋሚ ከሰው ሁሉ በኋላ ነው የሚያውቀው። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ቬንትሌተር የሌለው ክፍል የለም።

ደራ ላይ አንድ የእህል መጋዘን ሠርተናል። ባለቤቱ ሐጂ የጋሽ ቱሉ የልጅነት ባልንጀራ ናቸው። ጠዋት ደርሰን ጨርቁን ስናጤስ ጭሱ ቀጥ ብሎ ቆርቆሮው ጣሪያ ጋ ደረሰ። እኔ መሰላሌን አነሣሁ። ጋሽ ቱሉ ግን ከባልዲው አልተነሡም። «ስድስት ሰዓት ይሁን» አሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው በፀሐይ መንጣጣት ሲጀምር ጨርቁን እንደገና ለኮሱት። ጭሱ ወጣ፣ ወጣ፣ ጣሪያው ሊደርስ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። እንደተዘረጋ ነጠላ ተነጥፎ ቀረ።

ሐጂ ከበሩ ላይ ሆነው ያያሉ። «ምነው ቱሉ፣ ደራ ላይ ጭሱም ሰነፈ?» አሉ።

«አልሰነፈም ሐጂ፤ ከሱ የሞቀ እንግዳ ቀድሞት ላይ ቤት ገብቶበት ነው» አሉ ጋሽ ቱሉ።

ከጣሪያው ሥር ያለው አየር ከጭሱ ይልቅ ግሎ ስለነበር ነው። ግማሾቹን ጠቋሚዎች በቧንቧ ወደ ታች አውርደን ሰቀልናቸው። ያን ቀን ወደ አዳማ ስንመለስ ሙያ አለኝ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመንኩበት ቀን ነው።

ከዚያ ለመፈተኛ የተሠራ ጭስ መሳይ ነገር የሚረጨው ጣሳ መጣ። በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ትሰኩትና ጠቋሚው አፍ ላይ ትረጩታላችሁ፤ እስከ አሥር ሳትቆጥሩ ይጮኻል። አንድ ሆቴል በግማሽ ቀን ተፈትኖ ያልቃል። ይዞት የመጣው አዲስ የተሾመልን ኢንጂነር ነው። ወጣት፣ ልብሱ የጸዳ፣ በጨዋ ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው። በስብሰባ ላይ ጋሽ ቱሉ እጃቸውን አወጡ።

«ይሄ የሚነግረን ጠቋሚው መስማቱን ነው። ጭሱ እሱ ጋ መድረሱን ማን ይነግረናል?»

«ጋሽ ቱሉ፣ ቦታውን የሚነግረን ፕላኑ ነው» አለ ኢንጂነሩ። «ሳይንስ እኮ ባልዲ ላይ ቁጭ አይልም።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ግን አልተናገርኩምም። መናገር ከነበረብኝና ካልተናገርኩባቸው ጊዜያት የመጀመሪያው ይህ ነው፤ መጻፍ ከጀመርኩ አይቀር ልጻፈው። ጋሽ ቱሉ በዓመቱ ጡረታ ወጡ። ጣሳቸውን በቦርሳቸው ይዘው ወደ ደራ ሲሄዱ፣ ባልዲውን ግን በእጄ ሰጡኝ። «እሱ የድርጅቱ ንብረት ነው፤ ጠብቂው» አሉኝ።

ጠበቅኩት። ለጥቂት ዓመታት ብቻዬን እንደ እሳቸው እሠራ ነበር። ሌሎች በግማሽ ቀን የሚጨርሱትን እኔ ሁለት ቀን እፈጅበታለሁ። ፎርማኑ ባልዲውን ባየ ቁጥር «ወይንዬ፣ ልትገጥሚ ነው ወይስ ቤቱን ልታጥኚ? ዛር አለበት ተባለ እንዴ?» ይለኛል። ስሜ ወይንሸት ነው፤ ወይንዬ በሉኝ ብዬ አላውቅም። እሱ ወደ አለቅነት ሲያድግ እኔ ባለሁበት ቀረሁ። የሥራ ግምገማ ወረቀቴ ላይ «ሥራ ታጓትታለች» የሚል እንደነበር ቆይቼ ሰማሁ።

አሁን ስለ መቂው እጽፋለሁ።

መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጭኑ ደላሎች የሚያርፉበት ባለ አራት ፎቅ ማረፊያ ተሠርቶ ነበር። ደላሎቹ ጎህ ሳይቀድ ጭነው ጨርሰው ቀን ነው የሚተኙት። ሊመረቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ደረስን። ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ መብራቱ ጊዜያዊ መስመር ነው፣ ቬንትሌተሮቹ ገና አልመጡም። ባልዲዬን ይዤ ከመኪናው ስወርድ ባለቤቱ፣ ኢንጂነሩና አለቃ የሆነው ፎርማናችን በሩ ላይ ቆመዋል።

«ባልዲው ለምንድን ነው?» አለ ባለቤቱ።

«አይ፣ የኛ ወይዘሮ ከጭስ ጋር ትነጋገራለች» አለ ፎርማኑ። «ትለኩሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ይነግራታል።»

ባለቤቱ ሳቀ። «እኔ የምከፍተው ማረፊያ ነው፤ የደብተራ ቤት መሰለሽ እንዴ እትዬ?»

ኢንጂነሩ አልሳቀም። ሰዓቱን አየ። የእሱ ከሳቃቸው የባሰ ነበር። ባልዲውን ወደ መኪናው መለስኩት። መልሺው ያለኝ ሰው የለም።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ የልብስ መተኮሻ ክፍል አለ፤ ከኋላው አንሶላ የሚቀመጥበት መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ተያይዟል። ፕላኑ ጠቋሚውን መሀል ላይ ያደርገዋል። መሀሉ ላይ ግን ከኮንክሪቱ የወጣ የብረት መንጠቆ ነበር፤ አጠገቡ ጫፋቸው በፕላስተር የተጠቀለለ ሁለት ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል። ኢንጂነሩ ገብቶ አየው። «መብራት ነው የሚሆነው። አንድ ክንድ ያህል ወደ በሩ አምጪው፤ ከኮሪደሮቹ ጋርም መስመር ይይዛል» አለ።

መብራት እንዳልሆነ አውቃለሁ። መብራት በሽቦው ይንጠለጠላል እንጂ አውራ ጣት የሚያክል ብረት አይፈልግም። እንዲህ ያለ መንጠቆ የሚሸከመው ከባድና የሚዞር ነገር ነው። የክፍሉ መስኮት ደግሞ ወደ ምዕራብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲገባበት እዚያ ቆሞ የሚተኩስ ሰው ምን እንደሚያሰቅል ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያሻም። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ስሰረስር መንጠቆው ትከሻዬን ይነካኝ ነበር።

ኢንጂነሩ ከታች ሆኖ «ቅር የሚልሽ ነገር አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

ለምን እንዲህ አልኩ? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አኩርፌ ነበር። ስቃችሁብኛል፣ እንግዲህ ራሳችሁ ተወጡት የሚል ነገር ነው ሆዴ ውስጥ የነበረው። ጠቋሚውን ከመንጠቆው አንድ ክንድ ራቅ አድርጌ ገጠምኩት፤ በጣሳው ረጨሁት፤ ጮኸ። ቅጹ ላይ «ተፈትኗል» ከሚለው ፊት ፈረምኩ።

ማረፊያው በተከፈተ በስምንተኛው ወር ነው የተቃጠለው። ከሰዓት በኋላ ነበር። የምትተኩሰው ጫልቱ የምትባል የመቂ ልጅ ናት። መብራት ሄደባት። ካውያውን አንሶላው ላይ እንዳለ ትታ፣ እስኪመጣ ላጥፍ ብላ ወደ ኋላው ዕቃ ቤት ገባች። ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ መብራት ሲሄድ የያዝነውን እንዳለ ትተን ወደ ሌላ ሥራ እንዞራለን። መብራቱ መጣ። ካውያው ጋለ፣ ከላዩ ደግሞ መንጠቆው ላይ የተሰቀለው ቬንትሌተር ተነሣ። አንሶላው ያለ ነበልባል ውስጥ ውስጡን ጤሰ። ቬንትሌተሩ ጭሱን ወደ ታች መልሶ በግድግዳው እየነዳ፣ ክፍት ወዳገኘው በር፣ ወደ ዕቃ ቤቱ አስገባው። ጠቋሚው ከመስኮቱ የሚሳበውን ንጹሕ አየር እየሳበ ከቬንትሌተሩ አንድ ክንድ ርቆ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ክፍሉ ሁለመናው ሲሞላ ጮኸ። ላይኛው ፎቅ ተኝቶ የነበረ አንድ ደላላ በጩኸቱ ነቅቶ ወርዶ አወጣት። ነፍሷ ተረፈ። ሳንባዋና ድምፅዋ ግን እንደነበሩ አልተመለሱም።

የመረመሩት ሰዎች ጠቋሚው ጮኋል ብለው ጻፉ። መጮኹስ ጮኋል። ኢንጂነሩ ደግሞ ለባለቤቱ በጻፈው ደብዳቤ «ጠቋሚው በቴክኒሻኗ ከፕላኑ ውጭ ተንቀሳቅሷል» አለ። ማን አንቀሳቅሺው እንዳለኝ ደብዳቤው ላይ የለም። በወሩ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወርኩ። ከመሰላል ወርጄ ጠቋሚ በካርቶን የማስረክብ ሰው ሆንኩ። ቴክኒሻኖቹ ሊወስዱ ሲመጡ «ክፍሉ ቬንትሌተር አለው?» እላቸዋለሁ፤ ፈርመው ይሄዳሉ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም የነገርኩት ይህን ነው። እሱ አዘዘ፣ እኔ ተቀጣሁ። አንዱም ቃል ውሸት የለበትም።

ከእሳቱ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ጋሽ ቱሉ ለሕክምና አዳማ መጡና ንብረት ክፍል ድረስ ሊጠይቁኝ ገቡ። ከስተዋል። ካርቶኖቹ መካከል በተቀመጥኩበት አዩኝና ወንበር ስስብላቸው እምቢ ብለው፣ ጥግ ላይ የነበረውን ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ።

«የመቂውን ሰማሁ» አሉ።

«እሱ ነው ያዘዘኝ ጋሼ።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ስትፈትኚው ቬንትሌተሩን አስነሥተሽው ነበር?»

«ቬንትሌተር አልነበረም» አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እሳቸው ዘንድ ዝምታ ማለት ሥራ ነው፤ ጭስ ሲያዩም እንደዚህ ነበር የሚያዩት። «እህ» አሉ። ሌላ አልጠየቁኝም። ስለ ልጆቻቸው አወራን። እስከ አውቶቡስ ሸኘኋቸው።

እውነቴን ነው፤ ቬንትሌተር አልነበረም። መንጠቆው ነው የነበረው። መንጠቆ አይተሻል ወይ ብለው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ከዚያ በኋላ ደራ ሄጄ ላያቸው ባሰብኩ ቁጥር ያ «እህ» ይመጣብኝና እተወዋለሁ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ አረፉ። ለቅሶ ስደርስ ባለቤታቸው ከአልጋ ሥር የቲማቲም ጣሳዋን አውጥተው ሰጡኝ። «ለሷ ስጫት ብሎኛል» አሉ። ሌላ ያሉት ነገር ካለ ብዬ ጠበቅሁ። የለም።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ወደ መቂ ተሳፈርኩ። በቦርሳዬ ጣሳዋን፣ ቁራጭ አቡጀዲና አንድ በባትሪ የሚሠራ ጠቋሚ ይዣለሁ። ምን ልል እንደሆነ አላውቅም ነበር። ገበያው ላይ ጠየቅሁ፤ የጫልቱን ቤት የማያውቅ የለም። ደጇ ላይ የሽንኩርትና የቲማቲም ዘር ትሸጣለች። አርባ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። ድምፅዋ እንደሚጎተት አሸዋ ነው፤ ሦስት አራት ቃል ተናግራ ታርፋለች።

«አከም ጅርቱ፣ ይግቡ» አለችኝ፤ ገዢ መስያት ነው።

«ወይንሸት እባላለሁ። ከአዳማ ነው የመጣሁት። ማረፊያው ውስጥ ጠቋሚዎቹን የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

ትሰፍርለት የነበረውን ገበሬ ጨርሳ ሸኘች። ከዚያ የፕላስቲክ ወንበር ሳበችልኝ። አንድ ክፍል ናት ቤቷ። አልጋ አለ፣ የዘር ከረጢቶች አሉ፣ ካውያ የለም። ከላያችን ቬንትሌተር ይዞራል።

«ሰውዬውም መጥቶ ነበር» አለች።

«የቱ ሰውዬ?»

«ኢንጂነሩ። አንድ ጊዜ ሆስፒታል። አንድ ጊዜ እዚህ፣ እርስዎ የተቀመጡበት። ወደ በሩ አምጪው ያልኳት እኔ ነኝ አለኝ።» አረፈች። «አለቀሰም።»

ይህን በመስማቴ ደስ አላለኝም። ደስ አለኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ወረቀት ላይ አንድ ጽፎ፣ መቂ ላይ ሌላ ተናግሮ፣ አልቅሶ ሄደ። ወረቀቱን አላረመውም፤ እኔን ከካርቶን መካከል አላወጣኝም። አሁንም ይቅር አላልኩትም። ነገር ግን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔ ስድስት ዓመት አልመጣሁም።

«እርስዎስ?» አለችኝ።

ለመናገር የተዘጋጀሁት ሁሉ «እሱ ነው ያዘዘኝ» በሚለው ነበር የሚጀምረው። እሱን ሰውዬው ራሱ ቀድሞኝ ተናግሮታል። የቀረልኝ የራሴ ብቻ ነው።

«መንጠቆውን አይቼዋለሁ» አልኳት። «ቬንትሌተር እንደሚሰቀልበት አውቄ ነበር። ቅር የሚልሽ አለ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። የለም አልኩት። ያን ቀን ጠዋት ስቀውብኝ ስለነበር አኩርፌ ነው።»

ጫልቱ ቀና ብላ የራሷን ኮርኒስ አየች። «እንደዚህ ያለ መንጠቆ?»

«እንደዚህ ያለ።»

ቬንትሌተሩ ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ሲጥ ይላል።

«ስለሳቁብዎት» አለች።

«አዎ።»

«በኔም ይስቃሉ። ስናገር።» ተነፈሰች። «ገበያ ላይ።»

ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ ያን ሁሉ ዓመት ዘግይቶ መጥቶ እሱንም መጠየቅ ከበደኝ። እሷም ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ጠቋሚውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እንድሄድ የምትፈልግ መስሎኝ ልነሣ ስል «የት ነው የሚያደርጉት?» አለችኝ።

«በጭስ ካላየሁ አላውቀውም። አንቺ ደግሞ ጭስ አይሆንልሽም። በግምት ልገጥምልሽ እችላለሁ።»

«በግምት አይሁን» አለች። ወንበሯን አነሣች። «ልውጣ።»

«ቆዪ። ማታ በሩን ትዘጊዋለሽ?»

«እዘጋዋለሁ።»

«መስኮቱንስ?»

«ትንሽ ክፍት ነው። ቬንትሌተሩ አይጠፋም። ካልነፈሰብኝ አልተኛም።»

ምድጃዋን የት እንደምታስቀምጥ አሳየችኝና ወጣች። ወንበሯን ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ወስዳ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን እንዳለችው በትንሹ ከፈትኩ፣ ቬንትሌተሩን አልነካሁትም። ከደጅ የውሃ ባልዲዋን አምጥቼ ገለበጥኩት። አቡጀዲውን ለኩሼ፣ እፍ ብዬ ጣሳዋ ውስጥ ከተትኩትና ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩ። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይታጠፍም።

ጭሱ ወጣ። ቬንትሌተሩ ሥር ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ፣ የዘር ከረጢቶቹን ታኮ ወደ አልጋው ራስጌ መሄድ ጀመረ።

«ደረሰ?» አለች ከውጭ፣ በዚያ ድምፅዋ።

«ገና ነው።»

«አይቸኩሉ።»